በፋርምቪል አዳራሽ ውስጥ

ከምኖርባት ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቼ ፋርምቪል እስክገባ ሦስት ሰዓት ያህል ነዳሁ። ልጆቼ በዚሁ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ከነጩም ከጥቁሩም ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉና፣ ይህ በማን ድካም እንደመጣ ቦታው ድረስ ሄጄ አለማየቴ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ዛሬ ሙዚየም የሆነው የሮበርት ሩሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፎቅ የሌለው የጡብ ሕንጻ ነው። ስያሜውን ያገኘው በዚሁ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ካደጉትና ከታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ቀጥሎ ተስኪጊ የተባለውን የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከመሩት ጥቁር ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት የታሰበው ለ180 ጥቁር ተማሪዎች ነበር፤ ዐሥር ዓመት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ግን ቁጥራቸው ከ450 በለጠ። በነጮቹ ትምህርት ቤት የነበሩት የምግብ አዳራሽና ጂምናዚየም እዚህ አልነበሩም። ወላጆች አዲስ ሕንጻ እንዲሠራላቸው ደጅ ቢጠኑም፣ ያገኙት በእንጨት ላይ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት የተለበደባቸው፣ ሰዉ ከዶሮ ቤት ጋር የሚያመሳስላቸው ጊዜያዊ ክፍሎችን ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ በዚያ ዘመን እዚህ ይማሩ የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናት አገኘሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በክረምት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ላቡ ሲንቆረቆር፣ በር አካባቢ ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማር እንደነበር፣ መምህሯም ትምህርቱን አቋርጣ እንጨት ትጨምር እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ሕንጻው ያወሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ወደ መምህራኑ ሲሻገሩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ዘረዘሩልኝ፤ የእንግሊዝኛ መምህራቸው የራሷን መጻሕፍት እያዋሰች ማታ ማታ እንዳስነበበቻቸውም አጫወቱኝ። እንዲህ ያለውን ናፍቆት የዘር መለያየቱን እንደመውደድ የሚቆጥሩ ሰዎች በጣም የተሳሳቱ ይመስለኛል። እኚህ እናት የሚናፍቁት ሰዎቹን ነው፤ ተማሪዎቹም በሕንጻው ላይ የተነሡት ለእነዚህ ሰዎችና ለራሳቸው ከዚያ የተሻለ ስለሚገባ ነበር።

ሚያዝያ 23 ቀን 1951 (እ.ኤ.አ.) የሆነውን መድረኩን እያሳዩ ተረኩልኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ችግር ላይ ናቸው በሚል የሐሰት ስልክ ተጠርተው ወጡ፤ ተማሪው ሁሉ ወደ አዳራሹ ተሰበሰበ። መጋረጃው ሲገለጥ ርዕሰ መምህሩን ይጠብቁ የነበሩት የ16 ዓመቷን ባርባራ ጆንስን አዩ። እርሷም መምህራኑ እንዲወጡ ጠይቃ፣ አዲስ ትምህርት ቤት እስኪሠራ ወደ ክፍል እንዳይመለሱ ነገረቻቸው። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ጉዳዩን የሚይዙት ጥያቄው የተሻለ ሕንጻ መሆኑ ቀርቶ መለያየቱ ራሱ እንዲሻር ከሆነ ብቻ ነው ብለው ነበር፤ ተማሪዎቹና ወላጆቹም ተስማሙ። ክሱ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት መለያየትን ሕገ ወጥ ካለባቸው አምስት መዝገቦች አንዱ ሆነ።

ብይኑ ግን ወዲያው አልተፈጸመም። አውራጃው ልጆቹን ከማቀላቀል ይልቅ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። የእኚህ እናት ታናሽ ወንድም በዚያን ጊዜ ትንባሆ እርሻ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ አሳፍሮት ሳይመለስ ቀረ። ይህንን ሲነግሩኝ መሬት መሬት እያዩ የፊት ለፊቱን ወንበር ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ያሹ ነበር። እኔም ምንም ማለት አልቻልሁም።

ልሰናበታቸው ስነሣ ልጆቼ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ቀጥለው የመምህራኖቻቸውን ስም ጠየቁኝ። የአንዷን ብቻ ነበር የማውቀው፤ እርሳቸውም ስሙን እንዳይረሱት ይመስል ቀስ ብለው ደገሙት።