ሰኔ 9 በሶዌቶ፤ ከጃባቩ እስከ ኦርላንዶ ዌስት በእግር

ሰኔ 9 ኢትዮጵያ ውስጥ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። ትምህርት ቤቶች ባነር ይሰቅላሉ፣ ልጆች ግጥም ያነባሉ፣ ከመድረኩ ንግግር ይደረጋል። ለምን ሰኔ 9 ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። መልሱ ያለው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው የጥቁሮች ሰፈር ሶዌቶ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀኑ በእግር ይታሰባል። ስለዚህ እኛም የተከተልነው በ1976 ለተቃውሞ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች የሄዱበትን ቅደም ተከተል ነው፤ ከተነሱበት ትምህርት ቤት ጀምረን እሩምታው እስከተከፈተበት መንገድ። አብዛኛው ጎብኚ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። በቀጥታ ቪላካዚ ጎዳና ይወርዳል፣ የሰልፉን ሙዚየም ያያል፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል። ታሪኩን ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልካችሁን አስተካክሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በ1974 ያወጣው መመሪያ በጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት የነጭ ገዢዎቹ ቋንቋ በሆነው በአፍሪካንስ፣ ሳይንስና የእጅ ሙያ በእንግሊዝኛ እንዲሰጡ አዘዘ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሃይማኖት፣ ለሙዚቃና ለሰውነት ማጎልመሻ ብቻ ተረፈ። መምህራኑ ራሳቸው አፍሪካንስን በደንብ አይችሉም ነበር፤ ተማሪው ሒሳቡን ከመረዳቱ በፊት ቋንቋውን መፍታት ነበረበት። በኤፕሪል 1976 መጨረሻ የኦርላንዶ ዌስት ተማሪዎች ክፍል መግባት አቆሙ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ጁን 13 ኦርላንዶ በሚገኘው ዶናልድሰን የማኅበረሰብ ማዕከል ተሰብስበው አስተባባሪ ኮሚቴ መረጡና ለጁን 16፣ ማለትም ለሰኔ 9፣ ሰልፍ ጠሩ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ከየትምህርት ቤቱ የሚነሱት ሰልፎች መንገድ ላይ እየተቀላቀሉ ኦርላንዶ ዌስት ይገናኛሉ፣ ከዚያ አብረው ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም ይሄዳሉ። ስታዲየም አልደረሱም።

ለጉዞው ዝግጅት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ጁን 16 እዚያ ሕዝባዊ በዓል ስለሆነ ለቀኑ ለመድረስ ማመልከቻውን ከወራት በፊት ማስገባት ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ቪዛውን ይዘው ካርዱን ቤት የሚረሱ ሰዎች ችግር የሚገጥማቸው ገና አዲስ አበባ፣ ቦሌ ላይ ነው። ከኦ.አር. ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ጋውትሬን የሚባለው ባቡር አለ። ወደ መሃል ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው ሳንድተን ላይ ወርዶ ወደ ፓርክ ስቴሽን የሚወስደውን ይይዛል። መሃል ከተማ ያደረ ደግሞ ጄፒ በሚባለው ሰፈር እንጀራና ቡና አያጣም።

ለዚህ ቀን ግን ዋዜማውን እዚያው ሶዌቶ ማደር ይመረጣል። ኦርላንዶ ዌስት ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ምቾት አይደለም፤ በበዓል ጠዋት ትራንስፖርት ይሳሳል። ሬያ ቫያ የሚባለው ከተማ አቋራጭ አውቶቡስ እስከ ሶዌቶ፣ ቶኮዛ ፓርክ ድረስ ይሄዳል፤ ግን በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይሳፈሩበትም፣ በበዓል ቀን ደግሞ ምልልሱ ይቀንሳል። ሚኒባስ ታክሲ ሁልጊዜ አለ። ወያላ ግን የለም። ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በተሳፋሪው እጅ እየተቀባበለ ይሄዳል፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ይቆጥራል፣ መልስ ያካፍላል። እንግዳ ሰው ጋቢና ሲቀመጥ በሰው ገንዘብ ሒሳብ ይምታታበታል፣ ስለዚህ ከኋላ ተቀመጡ። ባለ 10 እና ባለ 20 ራንድ ኖት ያዙ፤ ባለ 200 ራንድ ያወጣ ሰው ታክሲውን ሙሉ ያስጨንቃል። ከሶዌቶ ወደ መሃል ከተማ ለመመለስ መንገድ ዳር ቆሞ ሌባ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ይበቃል።

ወሩ ክረምታቸው ነው፤ ዝናብ የለውም፣ ብርዱ ግን የንጋት ብርድ ነው። ፀሐይ የምትወጣው ወደ 1 ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ጠዋት ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል፣ እኩለ ቀን ላይ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ካፖርት ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይበልጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰው ሳይጠማው ውኃው ያልቃል፤ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ።

መነሻው ማዕከላዊ ምዕራብ ጃባቩ የሚገኘው ሞሪስ አይዛክሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሰልፉ ዋና አስተባባሪ የነበረው ጼትሲ ማሺኒኒ እዚህ ይማር ነበር፤ ሐውልቱም እዚሁ አለ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የጁን 16 መታሰቢያ ቦታ ተሠርቷል። ሰው በማለዳ ይሰበሰባል፤ ተማሪዎች፣ የሰፈር ማኅበራት፣ የያኔዎቹ ሰልፈኞች፣ ዛሬ አያት የሆኑት። ትልልቆቹን ሴቶች «ማማ»፣ ወንዶቹን «ንታቴ» ብሎ መጥራት ነው ወጉ፤ በስም መጥራት አይመችም። የመነሻ ሰዓቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከዋዜማው ጀምሮ አከራያችሁን ጠይቁ፣ የሰፈር ሰው ከፖስተር ይልቅ ያውቃል። ማታ በቴሌቪዥን የሚታየው ፕሬዚዳንቱ የሚናገሩበት ብሔራዊ ሥነ ሥርዓት ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይዞራል፤ በብዙ ዓመታት ሶዌቶ ላይ አይደለም። ይህን ሳያጣሩ የመጡ ሰዎች መድረክ ፍለጋ ግማሽ ቀን ያጠፋሉ። ለእኔ ሶዌቶ ያለ መድረኩ ይሻለኛል።

ወደ ኦርላንዶ ዌስት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ግን ሰልፉ እየዘፈነና እየቆመ ስለሚሄድ ከአንድ ሰዓት ብዙ አልፎ ይፈጃል። ቶዪቶዪ የሚባለው እግር እያነሱ መዝለል ሲጀመር ረድፉ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው አያውቅምና ይገፋል። በዚያን ጊዜ ጠርዝ ላይ መሆን ነው፤ መሃል የገባ ሰው ጫማው ይረገጣል። መሪው «አማንድላ!» ሲል ሕዝቡ «አዌቱ!» ይላል፤ ሥልጣን፣ የእኛ ነው እንደ ማለት ነው። እንግዳ ቢመልስ ማንም አይከፋውም።

በ1976 በዚህ መንገድ የሄዱት ተማሪዎች ብዛት ከ10,000 እስከ 20,000 ይገመታል። አንዱ የያዘው መፈክር «አፍሪካንስ መማር ካለብን ፎርስተር ዙሉ ይማር» የሚል ነበር፤ ፎርስተር የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ፖሊስ የታቀደውን መንገድ ዘጋ፣ ሰልፉ ዞሮ ሄደ፣ ማሺኒኒ ፖሊሶቹን እንዳይተነኩሱ ተማሪዎቹን አሳሰበ። ኦርላንዶ ዌስት ላይ ፖሊስ ውሻ ለቀቀ፣ አስለቃሽ ጢስ ወረወረ፣ ቀጥሎ ተኮሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ የሚስተው ነገር አለ። ኦርላንዶ ዌስት ያለው መታሰቢያና ሙዚየም በዕለቱ የተገደለውን የሄክተር ፒተርሰንን ስም ስለያዘ የመጀመሪያው ሟች እሱ ይመስላል። መጀመሪያ የተመታው ግን የ15 ዓመቱ ሄስቲንግስ ንድሎቩ እንደሆነ ይታመናል። በእሱ አጠገብ ካሜራ አልነበረም። የ12 ዓመቱ ሄክተር ሲወድቅ ግን ፎቶ አንሺው ሳም ንዚማ እዚያ ነበር። በፎቶው ላይ ልጁን ታቅፎ የሚሮጠው የ18 ዓመቱ ምቡይሳ ማኩቦ ነው፤ ከጎን እጇን ዘርግታ እያለቀሰች የምትሮጠው የሄክተር እህት አንቶኔት ናት። ንዚማ ፊልሙን ካልሲው ውስጥ ደበቀ፤ ፎቶው «ዘ ዎርልድ» በተባለው ጋዜጣ ወጣ፣ ዓለምንም ዞረ። ማኩቦ በፖሊስ ክትትል ምክንያት አገር ለቆ ተሰደደ፤ ቤተሰቡ በ1978 ከናይጄሪያ ከላከው ደብዳቤ በኋላ ድምፁን አልሰማም።

ሄክተር የተመታው ሞኤማ ጎዳና ላይ ነው፣ ከመታሰቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ። በኩማሎ ጎዳና በኩል ያለው መታሰቢያ ዘንድ የአበባ ጉንጉን የሚያኖሩት ቤተሰቦችና ባለሥልጣናት ሲሆኑ በዚያ ሰዓት አካባቢው በገመድ ይከለላል። ጉንጉን የሚያኖሩ ቤተሰቦችን ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፤ ከጎን፣ ከሩቅ፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ2002 ነው፣ ቀይ ጡብ ሕንፃ። ውስጡ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በዕለቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ በሩን አልፎ ስለሚጠማዘዝ ውስጥ ገብቶ ማንበብ አይቻልም፤ ለእሱ ሌላ ቀን ያዙ፣ ሁለት ሰዓት መድቡ። መስኮቶቹ በዘፈቀደ የተከፈቱ አይደሉም፤ በታሪኩ ውስጥ ወደሚነሱት ቦታዎች ይመለከታሉ። የሞቱት ስም የተጻፈባቸውን ድንጋዮች ደግሞ ውስጠኛው ግቢ ውስጥ ታገኛላችሁ። የሟቾቹ ቁጥር አከራካሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 176 ሲሆን ከዚያ እጅግ ይበልጣል የሚሉም አሉ።

ከቀትር በኋላ ቪላካዚ ጎዳና ሌላ መልክ ይይዛል። ማንዴላ የኖሩበት 8115 ቁጥር ቤት እዚህ ነው፤ የሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ቤት እዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ወጣቶች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰው ይመጣሉ፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ቢራ ይንቆረቆራል። ሽማግሌዎቹ ይህን አይወዱትም፤ ልጆች በዩኒፎርም በሞቱበት ቀን በዩኒፎርም መጠጣት ያንገበግባቸዋል። ወጣቶቹ ደግሞ ነፃነት የተገኘው ልንኖርበት ነው ይላሉ። እኔ ለሽማግሌዎቹ አደላለሁ፤ ሆኖም ጠዋት ሲዘፍኑ የነበሩት ብዙዎቹ እነዚሁ ልጆች ናቸው። ለራበው ኮታ የሚባለው አለ፤ ሩብ ዳቦ ተቦርቡሮ በድንች ጥብስና በቋሊማ የተሞላ፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ረጂና ሙንዲ ቤተ ክርስቲያን ሮክቪል ነው፣ ከቶኮዛ ፓርክ አጠገብ፤ ከኦርላንዶ ዌስት በእግር ሩቅ ስለሆነ ታክሲ ያዙ። በዚያ ቀን ተማሪዎች እዚህ ሸሽተው ገብተው ነበር፤ ፖሊስ ተከትሎ ገብቶ ተኮሰ። የጥይቱ ቀዳዳ ጣሪያው ላይ፣ ስብራቱ በእምነበረዱ መንበር ጠርዝ ላይ ዛሬም ይታያል። የሚያስጎበኝ ሰው ካላሳያችሁ ቀዳዳዎቹን አታገኟቸውም፣ ስለዚህ በር ላይ ጠይቁ። ቅዳሴ ወይም የመታሰቢያ ጸሎት ካለ እስኪያልቅ ከኋላ መቀመጥ ነው።

አቫሎን መቃብርን ለማግስቱ አቆዩት። ሄክተር፣ ሄስቲንግስና ማሺኒኒ እዚያ ተቀብረዋል። ማሺኒኒ ስደት ላይ ሳለ በ1990 ጊኒ ውስጥ ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገሩ ገብቷል። ከ300,000 በላይ መቃብር ያለበት ሜዳ ስለሆነ ብቻውን የገባ ሰው ስም ሲያነብ ይውላል። መቃብሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማምታችሁ ግቡ። በዕለቱ ወደ መሃል ጆሃንስበርግ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት ታክሲ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ከቪላካዚ የሚወጣው ሕዝብ አንድ ላይ ስለሚንቀሳቀስ መኪኖቹ ሞልተው ያልፋሉ፣ ቀኑም ቶሎ ይመሻል።