ዘርዓ ያዕቆብ ያልቀመሰው በርበሬ

"በርበሬ አምጪ" ስትባሉ ምን እንደምታመጡ የሚወሰነው የት ቆማችሁ እንደተባላችሁ ነው። ወጥ ቤት ከሆነ ዱቄቱ ነው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ከኮረሪማው ከበሶብላው ጋር ተወቅጦ፣ ደርቆ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ የመጣው። ገበያ ከሆነ ዛላው ነው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በኪሎ የሚሸጠው። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደሞ አንዱ ገበሬ "ዘንድሮ በርበሬ ነው ያለኝ" ካላችሁ ማሳው ላይ የቆመውን ማለቱ ነው። እዛው ማሳ ላይ ገና አረንጓዴ እያለ ቀጥፋችሁ ከሽሮ ጋር ከበላችሁት ግን በርበሬነቱ ይቀርና ቃሪያ ይሆናል። ያው ተክል እኮ ነው፣ ግን ማንም ጉሊት ሄዶ "አረንጓዴ በርበሬ ስጪኝ" አይልም።

ከምግብም ውጪ ቃሉ ብዙ ስራ አለው። "አይኑ በርበሬ መስሏል" ከተባለ ሰውዬው ወይ አልተኛም ወይ አልቅሷል ወይ ጠጥቶ ነው ያደረው። "እሷ እኮ በርበሬ ናት" ከተባለ ምላሷን ተጠንቀቁ ነው። ልጅ ሆነን ስናጠፋ ደሞ "በርበሬ ነው የማጥንሽ" የሚባል ማስፈራሪያ ነበር፣ ዛሬ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል፣ በትክክል የታጠነ ልጅ ግን ሲስቅ አይቼ አላውቅም ስለዚህ እኔም አልስቅበትም።

እኛ ጋ በርበሬ ማዘጋጀት በራሱ ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ፀሐይዋ ትታያለች እንጂ አታሞቅም፣ ነፋሱ ደሞ አቧራውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ነው ሸራ የሚዘረጋው፣ ማታ ማታ ውርጭ ሳይመታው ይታጠፋል ጠዋት እንደገና ይዘረጋል፣ ቆላ ዘመድ ያለው ሰው ደሞ እዛው አድርቆ ያስመጣል። ከዛ ቅንጠሳው ይመጣል። ዛላውን አንድ በአንድ አንስቶ ዘንጉን ነቅሎ፣ ሆዱን ከፈት አድርጎ ሻጋታ አለ የለም ብሎ ማየት ነው፣ ከውጪ ሲታይ የሚያብለጨልጨው ውስጡ ግራጫ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ውስጡን ስትከፍቱ ፍሬዎቹን የያዘች ነጭ ጅማት አለች፣ ዋናው ማቃጠያ እሷ ላይ ነው ያለው፣ ብዙ ሰው ፍሬው ነው የሚያቃጥለው ይላል ፍሬው ግን ከእሷ ተነካክቶ ነው። ካፕሳይሲን ይባላል፣ ውሃ አያሟሟውም፣ ለዚህ ነው ስትቀነጥሱ የዋላችሁበትን እጅ አስር ጊዜ ብትታጠቡት ማታ አይናችሁን ስታሹ የሚያስጮኻችሁ። እናቴ ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም ግን እጇን መጀመሪያ በዘይት ነው የምታሸው ከዛ ነው ሳሙናው፣ ኬሚስትሪውን የጨረሰችው እሷ ናት።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጣጣ ያለበት፣ ያለሱ ዶሮ ወጥ የለም፣ ያለሱ ሽሮ ሽሮ አይደለም የምንለው ነገር አገሩ አሜሪካ ነው። ሜክሲኮና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያለሙት የኖሩት ተክል ነው፣ ኮሎምበስ በ1492 (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) እዛ እስኪደርስ ድረስ ከአሜሪካ ውጪ አንድም ሰው አልቀመሰውም። አንድም። ህንዶችም፣ ታይላንዶችም፣ እኛም። ከዛ በኋላ ነው በ1500ዎቹ በፖርቹጋሎች መርከብ ወደ አፍሪካ ዳርቻና ወደ ህንድ የተሰራጨው።

ይሄን ሳውቅ መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው የከተማችን ባለቤት ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሠው ከ1434 እስከ 1468 ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው እሱ ነው፣ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ታነፀ ስሟም ከዛ ወጣ፣ ብርሃኑን ብዙ ተመራማሪዎች በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ሲያርፍ ኮሎምበስ መርከብ ላይ ሊወጣ ገና 24 ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ መንግሥት ሠርቶ የኖረው ንጉሥ ቀይ ወጥ ሳይበላ ነው የሞተው። ለእናቴ ስነግራት መሶቡን እያነሳች ነበር፣ ቆም አለችና "አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ የጻፈው አልጫ በልቶ ነው በይኛ!" አለችኝ። "አዎ እማዬ" አልኳት። "ኧረ አፈር ስሆን እንዲህ አይባልም፣ ንጉሥ እኮ ነው" ብላ ወጣች።

አልጫ ማለቴ ግን ምንም ጣዕም የሌለው ማለቴ አይደለም። ኮረሪማ የራሳችን የምዕራቡና የደቡቡ ጫካ ተክል ነው፣ ጥምዝም እንደዛው፣ ሰናፍጭ ነበረ (አሁንም ፆም ሲገባ አፍንጫችንን የሚያስነጥሰን እሱ ነው)። ማቃጠል እናውቅ ነበር። ዛሬ "አልጫ ሰው" ስንል ፈዛዛ፣ ወሬው የማይጥም ማለታችን ነው፣ "ነገሩ አልጫ ሆነብኝ" እንላለን። ለእንግዳው ቅመም አድልተን የድሮውን ወጥ ስድብ አደረግነው ማለት ነው፣ እኔ በግሌ የበግ አልጫ ከቀይ ወጥ ይበልጥብኛል ስለዚህ ቅር ይለኛል።

ወደ ቃሉ ስመለስ ነገሩ የባሰ ይጥማል። ተክሉ ከ500 ዓመት ብዙም የማይበልጥ እንግዳ ነው፣ ስሙ ግን ከሱ በጣም ይበልጣል። የቋንቋ ሰዎች በርበሬን የሚያያይዙት ከግሪኩ "ፔፔሪ" ጋር ነው፣ ግሪኩ ደሞ ከህንዱ ሳንስክሪት "ፒፓሊ" ነው የመጣው። ፒፓሊ ማለት የኛን ጥምዝ የሚመስለው ረጅሙ ቅመም ነው፣ ከዛ ግሪኮች ጋ ሲደርስ ክቡን ጥቁሩንም ጨምሮ መጠሪያ ሆነ፣ ማለትም ቁንዶ በርበሬ የምንለውን። በአክሱም ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ ከህንድ ጋር ንግድ ነበረ፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ካሌብ ጊዜ አዱሊስ የመጣው ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ነጋዴ ራሱ ይሄ ቅመም ሌላ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ እንዴት እንደሚያድግ ጽፏል። በዛ መስመር ላይ ቅመሙና ስሙ አብረው መንገድ ቢሄዱ ምን ይገርማል።

"ፔፔሪ" እንዴት "በርበሬ" ይሆናል ለምትሉ፣ የኛ ሰው ከ"ፐ" ጋር ድሮም አይስማማም። መንዝ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን "ፖሊስ" በሉ ብትሏቸው "ቦሊስ" ነው የሚሏችሁ፣ ፖስታ "ቦስታ" ነው፣ አገራችንንም "ኢትዮብያ" የሚሉ ሞልተዋል። የገባው "ፐ" ሁሉ "በ" ሆኖ ይወጣል።

እና አሁን አሜሪካዊው ሲመጣ ምን ሆነ? ያቃጥላል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ በርበሬ ነው ተባለ። ይሄ ስህተት ከሆነ እኛ ብቻ አልተሳሳትንም፣ ኮሎምበስ ራሱ ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ነበር የወጣው፣ ይሄን ቀዩን ሲያገኝ የዛው አገር ሰዎች "አሂ" ይሉታል፣ እሱ ግን የነሱ ቁንዶ በርበሬ ነው ብሎ በጥር 1493 ማስታወሻው ላይ አሰፈረው። እስፓኞች ቁንዶውን "ፒሚየንታ" ቀዩን "ፒሚየንቶ" አሉ፣ መጨረሻውን ብቻ ነው የለወጡት። እንግሊዞች ለሁለቱም "ፔፐር"። ቱርኮች "ቢበር"፣ የሃንጋሪው "ፓፕሪካ"ም ሩቅ ዘመዱ ነው፣ ስዋሂሊዎች "ፒሊፒሊ"። እነዚህን ጮክ ብላችሁ ስትሏቸው አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ይሰማል፣ ቢበርና በርበሬ በተለይ እንደ ወንድምና እህት ናቸው።

የኛ ግን በአንድ ነገር ከሌላው ይለያል፣ ይሄ ነው በጣም የገረመኝ። አማርኛ ከውጪ ለመጣ ተክል ብዙ ጊዜ "ባህር" ይለጥፍበታል። በቆሎን የድሮ ሰዎች "የባህር ማሽላ" ይሉታል፣ በባህር የመጣ ማሽላ፣ ያውም እሱም ከአሜሪካ ነው የመጣው። የደብረ ብርሃንን ዙሪያ የሸፈነው ደሞ "ባህር ዛፍ" ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮም ባህሩ ከስሙ አልተፋቀም። በዚህ ስሌት ቀዩ በርበሬ "የባህር በርበሬ" ሊባል ይገባው ነበር። አልተባለም። እንግዳው ስሙን ጠቅልሎ ወሰደ፣ የድሮው ባለቤት ነው "ቁንዶ" የሚል ቅጽል ተለጥፎበት በጎን የቆመው። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ "በርበሬ" ብላችሁ ቁንዶ የሚሰጣችሁ ባለሱቅ የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ዋጋ ነው። ቁንዶ በርበሬ ከህንድ በመርከብ የሚመጣ፣ ከባህር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ የሚወጣ ውድ ነገር ነበር፣ ደጋ ያለ ገበሬ በዓመት አንዴም ላያየው ይችላል። ይሄኛውን ግን ፍሬውን ቆላ መሬት ላይ ዘርተኸው በዓመቱ ትለቅመዋለህ፣ ለማንም ቀረጥ አትከፍልም። ሁሉም ቤት የገባው እሱ ነው፣ ሁሉም ቤት የገባ ደሞ ስሙን በሙሉ ይዞ ነው የሚገባው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) አንኮበር ላይ በርበሬ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የነበረ አይመስለኝም። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለውን ተረትም አስቡት፣ አዳም ከገነት ሲወጣ የተተረተ ነው የሚመስለው፣ ግን የሚቀነጠሰው በርበሬ ከመምጣቱ በፊት ሊተረት አይችልም። ከዛ በፊት ሰርገኛ ሳይታሰብ ሲመጣ ምን ቀንጥሱ ይባል እንደነበር እግዜር ይወቅ።

አጎቴ በዚህ ሁሉ አይስማማም። የሱ ነገር "በርበሬ ማለት ከበርበራ ወደብ የመጣ ማለት ነው፣ አለቀ" ነው። ሶማሌ ዳርቻ ያለችውን በርበራ ማለቱ ነው። ቆንጆ ነው፣ ድምፁም ይገጥማል፣ አካባቢውን ግሪኮች "ባርባሪያ" ይሉት እንደነበርም እውነት ነው። ግን "ጋሼ፣ ታዲያ ቱርኩ ቢበር የሚለው፣ ስዋሂሊው ፒሊፒሊ የሚለው በርበራ ሄዶ ነው?" አልኩት። "ቱርክ እኮ ቀይ ባህርን ገዝቷል፣ ምን የማይሄድበት አለ" አለኝ። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጋር መከራከር እንዲህ ነው፣ ቱርኮች ምፅዋን በ1557 መያዛቸውን ስለሚያውቅ በሱ ገባብኝ። ከዛ ጠላው መጣና ተውነው።

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር፣ ሚጥሚጣ። እሷም አሜሪካዊት ናት፣ የበርበሬ የቅርብ ዘመድ፣ ትንሽ ብትሆንም የበለጠ የምታቃጥል። እሷን ግን ማንም "ትንሿ በርበሬ" አላላትም፣ የራሷን ስም ይዛ ነው የኖረችው፣ ክትፎ ላይም ጥሬ ስጋ ላይም በርበሬን ገፍታ የተቀመጠችው እሷ ናት። አጎቴን ስለሷ ገና አልጠየቅኩትም፣ ለሷም ወደብ እንደሚያገኝላት ግን አልጠራጠርም።