የቆርኪ ሀብታም

ትከሻዬን ያመኛል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መብራት ከ11 ሰዓት ጀምሮ የለም። ዝናቡ ቆም ይልና ደግሞ ይጀምራል። የሐምሌ እሁድ ቱሉ ዲምቱ ላይ እንዲህ ነው። ሰው ከብሎኩ ወጥቶ የት ይሄዳል? ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ከፈጣን መንገዱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ከዚያ ጭጭ። ሆዴ እንዲህ ባር ባር ሲለው የላዩ ፎቅ ሰውዬ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መጣ። ካርታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሻማውን በእጁ ይዞ።

እሱን ታውቁታላችሁ። ክፋት የለበትም፣ ግን ቀዳጅ ነው። "ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደረስኩ" ሲላችሁ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ፖከር ላይ ደግሞ ይብስበታል። እጁ ላይ ምንም ሳይኖር ያለውን ሁሉ ወደ መሀል ይገፋና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የምንጫወተው በቆርኪ ነው። የቢራው አምስት፣ የለስላሳው አንድ ነው ዋጋው። ብር የለበትም። ግን የተሸነፈ ሰው የሁለታችንንም ውሃ ከታች ካለው ሮቶ ይሸከማል። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለቱ ለሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለቱ ለአራተኛ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቀልድ አይደለም።

ካርታውን ያደለው እሱ ነበር። ገለጥ አድርጌ ባይ ዘጠኝና ዘጠኝ። ጥንድ በእጅ መያዝ በአማካይ ከ17 እደላ አንዴ ነው የሚመጣው፤ እሱም ደስ ይላል፣ ግን ገና ምንም ማለት አይደለም። ፍሎፑ፣ ማለት መሀል ላይ ለሁለታችንም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች፣ ሲወርድ ኪንግ፣ ዘጠኝ፣ አራት። ሦስት ዘጠኝ! ጉሮሮዬ ደረቀ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የድሮው እኔ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ውርርዱን ከፍ አደርግ ነበር። ቀዳጅ ሰው ላይ ከፍ ካደረግክበት ግን ካርታውን ጥሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ምንም አልያዘም። በባዶ እጅ የሚገፋን ሰው ዝም ብሎ ማስገፋት ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት ከፍሎፑ በኋላ ያደለው ሰው መጨረሻ ላይ ይናገራል። እኔ ቀድሜ ቼክ አልኩ፤ ምንም ሳልገፋ አለፍኩ ማለት ነው። እሱ ሲገፋ ያህሉን ማስገባቱ ደግሞ ኮል ነው። ገፋ። ኮል። አራተኛው ካርታ ሁለት ቁጥር። ቼክ። ገፋ። ኮል። አምስተኛውም ሁለት ቁጥር ሆኖ አረፈው። ሦስት ዘጠኝ፣ ሁለት ሁለት፤ ሙሉ ቤት ይሉታል፣ ትልቅ እጅ ነው። ቼክ አልኩ፣ ድምፄን ትንሽ አሳዝኜ።

"ኦል ኢን" አለ፣ ያለኝን ሁሉ ማለቱ ነው። ቆርኪው ተንኳኳ። ጣሪያውን አየ።

እሱ በእጁ ሊይዝ የሚችለው ሁለት ካርታ 990 ዓይነት ነው። ከዚያ ውስጥ የሚያሸንፈኝ አራት ብቻ፤ ሦስቱ ኪንግና ኪንግ፣ አንዱ ያልወጡት ሁለቱ ባለ 2 ካርታዎች። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ጭንቅላቴን አከክሁ። ተነፈስኩ። "ኧረ ተው በናትህ" አልኩት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተጨነቅኩለት። እሱ ነው ቀዳጅ እየተባለ የሚታማው፤ እኔ ግን ቴአትር እየሠራሁ ነበር። ሻማው ብልጭ ድርግም ሲል ይኼን ነገር ከማን ነው የተማርኩት ብዬ አሰብኩ።

ከእማዬ ነው።

እማዬ ገበያ ስትወጣ የፈለገችውን ዕቃ ዓይኗ አይነካውም። ጀበና ልትገዛ ሄዳ የምትጠይቀው የምጣድ ዋጋ ነው። ምጣዱን ታገላብጣለች፣ ታንኳኳዋለች፣ "ተወደደ" ብላ ታስቀምጣለች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ እንደ ዘበት፣ "ያቺስ ጀበና?" ትላለች። እንደሷ ዓይነት ፊት ያለው ሰው እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

አባዬ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልክ እንደ ላዩ ፎቅ ሰውዬ ነበር። ሥጋ ቤት ከሰው ጋር ተቀምጠን ሂሳብ ሲመጣ ቀድሞ ብድግ ይላል። "በሞቴ! እኔ እያለሁማ አትከፍልም!" እጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ሰዎቹ ይታገሉታል፣ ይምሉበታል፣ እጁን ይይዙታል፣ እሱም ቅር እያለው የሚሸነፍ ይመስላል። ሁልጊዜ ይሠራል።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ አልታገለም። "እሺ፣ እንዳልክ" ብሎ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ።

እኔ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ቆርኪ እየለቀምኩ። ስለዚህ ከላይ ማንም ያላየውን አየሁ። የእማዬ ጣቶች የመቀነቷን ጫፍ ሲፈቱ፣ በአራት የታጠፈ ሃምሳ ብር ሲወጣ፣ በጉልበታቸው መሀል አባዬ መዳፍ ውስጥ ሲገባ። አባዬ እጁን ከኪሱ እንዳወጣ ሆኖ ዘርግቶ ከፈለ። ብቅ ብዬ የእማዬን ፊት ባየው ምንም የለበትም። ጎድን አጥንቱን ነው የምትግጠው።

ሃምሳው የምን ብር እንደነበር አላውቅም። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ብር ሃምሳ ብር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሙሉ ቤት ይዛ ቁጭ ብላ፣ ባዶ እጁን የሚገፋውን ሰው አንድ ቀን እንኳን "ገልጥ እስቲ" አላለችውም። ለምን? ፍቅር ነው እንዳልል ማታ ማታ ሲጨቃጨቁ እሰማ ነበር። ለልጆቿ ስትል ነው እንዳልል እኛን ማን ጠየቀን? ቅድም ደውዬ ልጠይቃት ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ መልሷ ታየኝ። "የቱ ሃምሳ ብር?" ነው የምትለኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ባትሪውም 6 ነው።

ጨዋታውን ረሳሁት አይደል? ኮል አልኩ። ሰባትና ሦስት ነበር የያዘው፣ ያውም ቀለማቸው የማይገናኝ። ቆርኪው ሁሉ የኔ ሆነ። ምንም ሳይል ጀሪካኖቹን ይዞ ወረደ።

በሬን ገርበብ አድርጌ ኮቴውን አዳመጥኩ። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሲያለከልክ ይሰማል። እስኪ ታግሼ እዚያው ብቀመጥ ምን ነበረበት? 990 ቆጥሬ፣ ሁለት ደቂቃ ቴአትር ሠርቼ ያሸነፍኩት እኔ፣ በካልሲ ወርጄ ሁለቱን ጀሪካን ተቀበልኩት። የሱንም ድርሻ ጭምር እስከ አራተኛ አደረስኩ። ለሁለተኛው ዙርም አብሬው ወረድኩ፣ ጅሉ።

በጨለማው ደረጃ ላይ ከኋላዬ "አውቄ እኮ ነው የለቀቅኩልህ" አለኝ። "ዘጠኝ እንደያዝክ ገና ሲወርድ ፊትህ ላይ አይቻለሁ።"

ቀደዳ ነው። ይመስለኛል። ትከሻዬን ግን የምሬን ያመኛል።