የሃያኛው ቀን ማግስት

ካምሪዋ መኪና የተገዛችው ሐሙስ ነው። ሰውየው ቢሮ የመጣው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት። ጣጣው ሁሉ ያቺ አንድ ቀን ናት።

ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ያለች ትንሽ ቢሮ ናት። የመኪና ስም የሚያዞር ሰው ወረቀቱን ያመጣል፣ እኛ ቅጹን ሞልተን፣ ኖታሪ፣ ማለትም የፊርማ ማረጋገጫ፣ የሚያስፈልገውን ኖታሪ አድርገን ወደ ካውንቲው ታክስ ቢሮ እንወስድለታለን። አብዛኛው ሰው አንድ ነገር ጎድሎት ይመጣል፦ ወይ ሻጩ ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ከኋላው አልፈረመም፣ ወይ ማይሉ አልተጻፈም፣ ወይ ተሰርዞ ተደልዟል። የዚህ ሰውዬ ግን አንድም እንከን አልነበረበትም። ታይትሉ ተፈርሟል፣ ማይሉ ገብቷል፣ 130-ዩ የሚባለው የስም ማዞሪያ ቅጽ ላይ የሻጭም የገዢም ፊርማ አለ፣ ዋጋው 4,000 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። የቼኩን ኮፒ ሳይቀር አያይዟል። እንዲህ ያለ ወረቀት በወር አንድ ቢመጣ ነው።

ዋጋው የወረደው በካምቢዮው ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትገባ ትመታለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ ጭራሽ አትይዝም። ቤቱ ያደረሳት በተጎታች ነበር።

ቪኑን፣ ማለትም የመኪናዋን መለያ ቁጥር፣ እና ማይሉን አስገባሁ። የስቴቱ መነሻ ዋጋ 10,500 አለ። የዚያ 80 በመቶ 8,400። በዚያ ላይ 6.25 በመቶ፣ 525 ዶላር።

«525 የምን?» አለኝ።

«የሽያጭ ታክሱ ነው።»

«በ4,000 ላይ?»

«በ8,400 ላይ።»

«8,400 ያለው ማነው?»

«ስቴቱ።»

«ስቴቱ መኪናዬን አይቷታል?»

«አላያትም። ቪኗንና ማይሏን ነው የሚያየው።»

«ካምቢዮዋንስ?»

«ካምቢዮ የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

ትንሽ ዝም አለና፣ ሳይቆጣ፣ «ልጄ፣ እኔ ከአክስቴ ልጅ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬ ከ5,500 ያወረድኳት በዚሁ በካምቢዮ ነው። አሁን ከማን ጋር ነው የምከራከረው?» አለ።

ጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን ትናንት ማታ ቢሮዎች ሲዘጉ አብሮ ተዘግቷል።

ቴክሳስ ውስጥ ከዲለር፣ ማለትም ፈቃድ ካለው መኪና ነጋዴ፣ የገዛ ሰው ይህ አይነካውም፤ ታክሱ በከፈለው ላይ ነው፣ አሮጌ መኪናውን ሰጥቶ ከሆነም የሷ ዋጋ ተቀንሶለት። ከግለሰብ የገዛ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ከጥቅምት 2006 ጀምሮ በሁለት ቁጥር ይለካል፦ አንዱ የከፈለው፣ ሌላው የመነሻ ዋጋው 80 በመቶ። ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ምክንያቱን ለማወቅ ዕድሜ አይጠይቅም። ሰው ሁሉ 10,000 ከፍሎ 1,000 ይጽፍ ነበር። መነሻ ዋጋው በአካባቢው ከተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖች የተወሰደ ነው፤ መኪናዋ በጤናዋ እንዳለች ቆጥሮ ነው የሚነሳው። የተሰነጠቀ ሞተር ፎቶ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የሻጭ ምስክርነት መስኮቱ ላይ ዋጋ የላቸውም።

ዋጋ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ 14-128 የሚባለው የግምት ቅጽ። የሚሞላው ፈቃድ ያለው ዲለር ወይም ፈቃድ ያለው የኢንሹራንስ ገማች ነው። መኪናዋን ሳያይ የሚፈርምላችሁ ዲለር ካገኛችሁ ሽሹት። ዲለሩ ለግምቱ ከ100 እስከ 300 ዶላር ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ታክሱ በግምቱ ወይም በከፈላችሁት ይሰላል፣ አሁንም በሚበልጠው። ለዚህ ሰውዬ ብናሰላው፦ ዲለሩ 4,400 ቢገምታት ታክሱ 275 ይሆናል፣ ለገማቹ 150 ቢሰጥ ድምሩ 425፤ መቶ ዶላር ተረፈ ማለት ነው። ብዙ አይደለም። ግምት የሚያዋጣው ልዩነቱ ሲሰፋ ነው፤ እያንዳንዱ 1,600 ዶላር ልዩነት 100 ዶላር ታክስ ያወርዳል፣ ስለዚህ 300 የሚጠይቅ ገማች ጋ ከ4,800 ባነሰ ልዩነት መሄድ ለገማቹ መሥራት ነው።

ቀኑ ነው ችግሩ። ግምቱ የሚወሰደው ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ በ20 የካውንቲ የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ታክሱን ከፍሎ ስም ለማዞር ደግሞ ሌላ ቀን አለ፣ እሱ 30 ተራ ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ተቆጥሮ። ሰው ሁለቱን ያምታታል፣ ምክንያቱም አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። መሀል በዓል ከሌለ 20 የሥራ ቀን ልክ አራት ሳምንት ነው፤ ሐሙስ የገዛ ሰው ግምቱ የሚያበቃበት በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ 28ኛው ቀን ላይ ነው። የኛ ሰውዬ የመጣው በ29ኛው። ለታክሱ አንድ ቀን ቀድሟል፤ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ 5 በመቶ ቅጣት ነበረው፣ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ 10 በመቶ። ለግምቱ ግን በአንድ ቀን አልፎበታል።

«ስልክ ደውዬ ነበር እኮ» አለ።

«መቼ?»

«በሁለተኛው ሳምንት። እዚሁ። ‹30 ቀን አለህ፣ ምን አስቸኮለህ› አለኝ አንድ ሰው።»

ወደ ኋላ አልዞርኩም። የኋላው ጠረጴዛ ጋ ጋሼ አለ፤ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነው። ስልክ የሚያነሳውም እሱ፣ ምክር የሚሰጠውም እሱ፣ ቅጽ የማይሞላውም እሱ።

«ውሸት ተናገርኩ?» አለ ጋሼ ከኋላ።

አልተናገረም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። 30 ቀን እውነት ነው። ደዋዩ መኪናዋ ተበላሽታ እንደሆነ፣ ከግለሰብ ይሁን ከዲለር የገዛት፣ ስንት እንደከፈለ፣ ጋሼ አልጠየቀም፣ ሰውየውም አልነገረውም። በትክክለኛ መልስ 250 ዶላር ታክስ የመቀነስ ዕድል ተቃጠለ።

ጋሼ ግን ጥፋቱን ሳያምን መፍትሔ ይዞ መጣ። ወንበሩን እየጎተተ፣ «የአክስቴ ልጅ አይደል ያልከው? ስጦታ ነው በሉ። 10 ዶላር ነው የሚከፈለው» አለ።

10 ዶላሩ እውነት ነው። 14-317 የሚባል ቃለ መሐላ አለ፤ ሰጪና ተቀባይ ሁለቱም ኖታሪ ፊት ይፈርማሉ፣ ካውንቲ ቀርቦ የሚያስገባውም ከሁለቱ አንዱ ራሱ ነው፣ እኛን መላክ አይችሉም። ግን ዝምድናው ተቆጥሯል፦ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የአክስት ልጅ የለበትም። ዕዳ ያለባትን መኪና ዕዳዋን ተረክቦ መውሰድም ስጦታ አይባልም።

«የአክስት ልጅ ወንድም አይደል እንዴ?» አለ ጋሼ። «እነዚህ ሰዎች ዝምድና መቼ ያውቃሉ!»

ሰውየው ሳቀ፣ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ወንድሜማ ወንድሜ ነው። ግን 4,000 ዶላሬን ወስዷል» አለው።

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለሐቀኛ ሰው የሚሆን ነበር። ግን ባለፈው ወር ጋሼ ራሱ ያስተናገደው አንድ ባለ ኮሮላ ነበር። 9,000 የገዛትን 900 ብሎ ጻፈ፣ አንዲት ዜሮ በማጉደል። እዚያው 130-ዩ ቅጽ ላይ የሐሰት መረጃ መጻፍ ሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል እንደሆነ፣ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጫ እንዳለው ታትሟል፤ ሰው የሚፈርመው ከሱ ጋር ነው። የኮሮላዋ መነሻ ዋጋ 10,000 ነበር፣ ስለዚህ በ8,000 ላይ 500 ዶላር ከፈለ። እውነቱን ቢጽፍ በ9,000 ላይ 562 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ለ62 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብሎ 10 ዓመት ያስያዘ ሰው ነው። ይሁንና 62 ዶላር ከ50ውን አተረፈ፣ ማንም አልጠየቀውም። የካምሪው ባለቤት ደግሞ እውነቱን ጽፎ በ4,000 ላይ ሊከፍል ይገባው ከነበረው በ275 ዶላር አስበልጦ ከፈለ። ጋሼ ይህን ሒሳብ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ማስረዳት ይወዳል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ላርመው አልችልም።

ሰውየው 525ቱንም የታይትሉን 33 ዶላርም ከፈለ። ሲወጣ አንድ ነገር ነገርኩት፦ የአክስቱ ልጅ መሸጡን ለስቴቱ እንዲያስታውቅ፣ እሱም 30 ቀን ነው፤ አለዚያ ስሙ እስኪዞር ድረስ የሚመጣ የመንገድ ሒሳብና የፓርኪንግ ቅጣት ወደ ሻጩ ይሄዳል። «እሱንም በ29ኛው ቀን ነው የምትነግረኝ?» አለ። ልክ ነበር።

አሁን ስልክ አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «ከማን ገዙ? ስንት ከፈሉ? ምን ተበላሽቷል? ምን ቀን?» ጋሼ ቡና ሲጠጣ ስኒውን የሚያስቀምጠው እሱ ላይ ነው።

ሰውየው በሁለተኛው ወር ደወለ። ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ካምቢዮውን ከፈረሰች ካምሪ አውጥቶ አስገጥሞታል፣ ያልጠበቀው የፓምፕ ሥራም ወጥቶበት 3,900 ዶላር ጨርሷል። ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲደመር 7,900።

«ታክሱን ስትጨምርበት 8,400 አለፈች» አለኝ። «ንገርልኝ ለስቴቱ፣ አሁን እሱ በቆረጠላት ዋጋ ላይ ደርሳለች።»