በአንድ ሺህ ብር የሚገዛ ፍቅር

ደሴ ያለችው ታናሽ እህቴ «ወንድም ጋሼ፣ ለክረምቱ የፍቅር መጽሐፍ ምረጥልኝ፤ ያለኝ ግን አንድ ሺህ ብር ብቻ ነው» ብላ ስለላከችብኝ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለገሃር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። በዚህ ገንዘብ ከመደብር አዲስ ቢገዛ ከሁለት አይዘልም፤ ሽፋኑ የተላጠውን፣ የማያውቁት ሰው ስም የተጻፈበትን ለማይንቅ ግን አራት ይገኝበታል።

መጀመሪያ ያነሣሁት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ሻጩ አራት መቶ ብሎ ጀምሮ በ280 ብር ለቀቀልኝ። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ ብዙ ሰው አንብቤዋለሁ ቢልም፣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሬዲዮ የተረከውን የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ እንደ ሆነ እጠረጥራለሁ። እህቴም ታሪኩን የምታውቀው በወሬ ነው። መጨረሻውን ርእሱ አስቀድሞ ስለ ነገረን፣ የሚነበበው ምን ይደርስ ይሆን ተብሎ ሳይሆን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራትና የጉዱ ካሳን ነገር ለመስማት፣ ከሁሉም በላይ ሰብለ ወንጌልን ለማወቅ ነው። እኔ በዛብህን ብወደውም፣ ቤት ንብረቷን ጥላ ፍቅሯን ፍለጋ መንገድ የገባችው እሷ በመሆኗ ድፍረቱ የእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመክፈሌ በፊት ግን መጽሐፉን ገልብጬ ከኋላ አየሁት። የአሮጌ መጽሐፍ ሙጫ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚረግፉት የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ናቸው። ተማሪ ሳለሁ በግማሽ ዋጋ የገዛሁት አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ማብቂያው ጎድሎት ስለ ነበር፣ ሁለቱ ተፋቃሪዎች ታርቀው የኖሩ እየመሰለኝ አንድ ዓመት ከረምሁ፤ ኋላ ጓደኛዬ አፍቃሪው ወጣት መሞቱን ሲነግረኝ መርዶ የተረዳሁ ያህል ደነገጥሁ።

ለዩኒቨርሲቲ ፍቅር የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» በ170 ብር ወሰድሁ። የሚወዳትን ልጅ ቀርቦ ማናገር ያቃተው የአቤል ጭንቀት፣ ግቢ ገብቶ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። እህቴ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመቷን ስለ ጨረሰች ከሁሉ ቀድማ ብታነበው እወዳለሁ።

ረጅም ትርጉም ለሚወድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው ይህ መጽሐፍ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የምትኖር፣ ሁልጊዜ የማትወደድ ግን ፈጽሞ የማትሰለች ሴት ታሪክ ነው። ዳጎስ ያለ በመሆኑ ለክረምት ዝናብ ይስማማል። በ230 ብር አገኘሁት።

ከቀረው ገንዘብ 300 ብር ለበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሰጠሁ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ስለሚወራ የፍቅር መጽሐፍነቱ ይረሳል፤ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ የሄደው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ከፊያሜታ ጋር ሲገናኝ፣ ፍቅርና ጥርጣሬ የማይለዩበት ታሪክ ይጀምራል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው መታገዱንና ደራሲው በቀጣዩ ዓመት የገባበት መጥፋቱን ሳያስቡ ማንበብ ከባድ ነው። የገዛሁት ቅጂ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ነው።

በቀረችው ሃያ ብር ፌስታል ገዝቼ ሦስቱን ጠቅልያለሁ፤ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። «ኦሮማይ»ን ግን እስከ ቅዳሜ አስቀርቼዋለሁ። የመጨረሻ ገጾቹ መኖራቸውን አይቻለሁ፤ የመካከለኞቹን ገና አልቆጠርሁም።