ለባንክ የአይፒ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ

ሲስተማችሁን ከባንክ ኤፒአይ (ሲስተም ከሲስተም የሚነጋገርበት በር) ጋር ልታገናኙ ከሆነና ሰርቨራችሁ ክላውድ ላይ ከሆነ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። እኔ ስጀምር አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ "ስማ፣ ደብዳቤው ላይ የምትጽፋት ቁጥር ከኮድህ ሁሉ ትበልጣለች" ቢለኝ ኖሮ የ2016ን ነሐሴ እንደዛ አላሳልፈውም ነበር።

ሁለት ሆነን ለግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ሲስተም እንሰራለን። ወላጅ ገብቶ የልጁን ክፍያ ያያል፣ ከባንክ አካውንቱ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይወጣለታል፣ በቃ ይሄው ነው። ምዝገባ ጳጉሜ 1 ይጀመራል ብለን ለትምህርት ቤቶቹ ቃል ገብተናል።

የክላውዱ ስራ ሁለት ቀን ነው የፈጀው። አማዞን ክላውድ ላይ አካውንት ነበረን፣ ለኛ ይቀርባል ብዬ ኬፕ ታውንን መረጥኩ (እሱ ሪጅን፣ ማለትም የዳታ ማዕከል አካባቢ፣ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ አካውንት ሴቲንግ ገብታችሁ መክፈት አለባችሁ)፣ ኮንቴይነሮቹን (ኮዳችን ታሽጎ የሚሰራባቸውን) ፋርጌት የሚባለው የአማዞን አገልግሎት ላይ አስቀመጥኩ፣ ፊታቸው ሎድ ባላንሰር (የሚመጣውን ጥያቄ የሚያከፋፍል)፣ ኋላቸው ዳታቤዝ፣ ሰርተፍኬቱ በነጻ። የባንኩ የቴስት ኤፒአይ ለማንም ክፍት ስለሆነ ኮዱም በሳምንት አለቀ። እስከዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

የባንኩ ፒዲኤፍ ግን መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ ቴስት ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ፕሮዳክሽን (ወደ እውነተኛው ስራ) ለመግባት የሰርቨራችሁን ፐብሊክ አይፒ (ኢንተርኔት ላይ የሚታይበትን ቁጥር) ጠቅሳችሁ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አስገቡ። ፋየርዎላቸው (የኔትወርክ በር ጠባቂው) የሚያሳልፈው ያሳወቃችሁትን አይፒ ብቻ ነው። እኔ ምን አደረግኩ፣ ተርሚናል ከፍቼ የራሳችንን ዶሜይን አይፒ በኤንኤስሉክአፕ ትዕዛዝ ጠየቅኩት፣ ሁለት ቁጥር መጣልኝ፣ ሁለቱንም ገልብጬ ደብዳቤው ላይ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ አይፒ አድራሻ ማሳወቅን ይመለከታል። ፊርማ፣ ቲተር፣ ማህተም። ነሐሴ 6 ጠዋት መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ለኃላፊው ተመርቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከኃላፊው ወደ አይቲ ተመርቷል፣ አይቲ ለሴኪዩሪቲ መርቶታል፣ ሴኪዩሪቲ ገና አልደረሰኝም ይላል። አንድ ፎቅ ወርዶ ለመድረስ አራት ቀን የፈጀ ወረቀት ነው። ፀሐፊዋ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ "የኔ ልጅ አንተ ብትመላለስ ምን ታመጣለህ፣ ስልክ ቁጥርህን ተውልኝ" አሉኝና እውነትም ነሐሴ 14 ራሳቸው ደውለው "ተከፍቶልሃል" አሉኝ።

ሞከርኩት። ታይምአውት፣ መልስ የለም።

እዚህ ጋ ነው ሶስት ቀን ያቃጠልኩት፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። መጀመሪያ ኮዱን ጠረጠርኩ፣ ከዛ የባንኩን ሰርተፍኬት፣ ከዛ የኛን ሴኪዩሪቲ ግሩፕ (የአማዞን ፋየርዎል ነው፣ የሱ የመውጫ ህግ ካልነካችሁት ሁሉንም ነው የሚያሳልፈው)፣ ከዛ ፍሎው ሎግ (የገባና የወጣ ትራፊክ መዝገብ) አብርቼ ሳይ አክሴፕት አክሴፕት ይላል፣ አየህ ያልፋል ማለት ነው ችግሩ እነሱ ጋ ነው ብዬ ደወልኩላቸው፣ እነሱ ደግሞ "በኛ በኩል ተከፍቷል፣ የራሳችሁን ቼክ አድርጉ" አሉኝ፣ እንደዛ ስንባባል ቀኑ ሄደ። ፍሎው ሎግ ላይ አክሴፕት ማለት የናንተ በር አሳልፎታል ማለት ብቻ ነው፣ ማዶ ያለው ተቀብሎታል ማለት አይደለም። ማየት የነበረብኝ የመልሱን መስመር ነበር። የሄደ አለ፣ የመጣ የለም። ፋየርዎል እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ "አልፈቅድም" ብሎ አይመልስላችሁም፣ ፓኬቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ሪፊዩዝድ ካላችሁ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል ግን ፖርቱ ላይ የሚሰማ የለም፣ 403 ካላችሁ አፕሊኬሽኑ ጋ ደርሳችሁ ነው የተከለከላችሁት፣ ድምጽ ጠፍቶ ታይምአውት ከሆነ ግን ኮዳችሁን አትንኩት፣ መጀመሪያ አይፒውን ጠርጥሩ።

በሶስተኛው ቀን ማታ ነው አብሮኝ የሚሰራው ልጅ "ቆይ ግን ወደ ባንኩ ስንሄድ በየትኛው አይፒ ነው የምንታየው?" ያለኝ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ቼክአይፒ የሚባለውን፣ የምትወጡበትን አይፒ የሚነግራችሁን የአማዞን አድራሻ በከርል ትዕዛዝ ጠራሁት። የመጣው ቁጥር ደብዳቤው ላይ ካሉት ከሁለቱም አይገናኝም። ኮዱን አንዴ ዲፕሎይ አድርጌ (ሰርቨሩ ላይ አዲስ ጭኜ) ደግሜ ጠራሁት፣ ሌላ ቁጥር።

ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት የሎድ ባላንሰሩን አይፒ ነበር፣ እሱ ሰው ወደኛ የሚገባበት በር ነው። እኛ ወደ ባንኩ የምንወጣው በዛ አይደለም። ኮንቴይነሮቹን ፐብሊክ ሰብኔት (በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ስላስቀመጥኳቸው እያንዳንዱ ሲነሳ የራሱን አዲስ አይፒ ይዞ ነው የሚነሳው፣ በየዲፕሎይመንቱ ይቀየራል። የሎድ ባላንሰሩ አይፒ ራሱ ቋሚ አይደለም፣ በስሙ እንጂ በቁጥሩ አትጥሩት ተብሎ ዶክዩመንቴሽኑ ላይ ተጽፏል። እኔ አላነበብኩትም። ማህተም አስመትቼ ያስገባሁት ቁጥር ለባንኩ ምንም የማይጠቅም ነበር።

መፍትሄው ናት ጌትዌይ (የጋራ መውጫ በር) ነው፤ ኮንቴይነሮቹን ፕራይቬት ሰብኔት ላይ ታስገባላችሁ፣ ሁሉም በናት በኩል ይወጣሉ፣ ናቱ ላይ ኢላስቲክ አይፒ (የማይቀየር አይፒ) ታስራላችሁ፣ ከዛ መቶ ጊዜ ዲፕሎይ ብታደርጉ ባንኩ የሚያየው ያቺኑ አንድ ቁጥር ነው። የአንድ ከሰዓት ስራ ነው። ብሩ ግን ያማል። በአማዞን የቨርጂኒያ ሪጅን ዋጋ ናት በሰዓት 0.045 ዶላር ነው፣ ምንም ሳያልፍበት በወር ከ32 ዶላር በላይ፣ ኬፕ ታውን ደግሞ ከዛ ይወደዳል፣ በላዩ ላይ የሚያልፈው ዳታ በጊጋ ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ገና አንድ ወር አልሞላውም፣ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር 100 አልፎ ነበር፣ እኛ ደግሞ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የተዋዋልነው በብር ነው።

የአማዞን ምክር በየአቬይለቢሊቲ ዞኑ (ሪጅኑ ውስጥ ያሉ የተለያዩ የዳታ ማዕከሎች) አንድ አንድ ናት አድርጉ ነው። እኔ አንድ ብቻ ነው ያደረግኩት፣ ለትንሽ ድርጅት አንድ ይበቃል ብዬም እከራከራለሁ። በተረፈው ብር የሚሻለው ኢላስቲክ አይፒ ሁለት መያዝ ነው፣ አንዱ ይሰራል፣ ሌላው ቁጭ ይላል፣ ሁለቱም አንድ ደብዳቤ ላይ ይጻፋሉ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማዞን ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፣ በወር 3.60 ገደማ ነው። ሰርቨር ቢቀየር ወይም ናቱ ቢበላሽ አዲስ ደብዳቤ ይዞ ለሁለት ሳምንት ከመመላለስ 3.60 ከፍሎ መተኛት ይሻላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነሐሴ 20 ገባ። ያው መንገድ፣ ያው ስብሰባ። ነሐሴ 28 ተከፈተ ተባለ። ሞከርኩት፣ ታይምአውት።

አሁን ግን የራሴን በደንብ አይቼዋለሁ። ከርሉ የሚመልሰው ቁጥርና ደብዳቤው ላይ ያለው አንድ ነው። ደወልኩ፣ "ተከፍቷል" ተባልኩ። በማግስቱ ደወልኩ፣ "ተከፍቷል"። ነሐሴ 30 ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በአካል ሄጄ ቁጭ አልኩ፣ የኔትወርክ ባለሙያውን ካላገኘሁ አልወጣም አልኩ። ወጣት ልጅ ነው፣ ወረደ፣ "ወንድሜ ስክሪንህ ላይ ያለውን ብቻ አንብብልኝ፣ እኔ ወረቀቴን እይዛለሁ" አልኩት፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ "አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት" አለ። የኔ ወረቀት ላይ 138 ነው። የደብዳቤውን ኮፒ አሳየኝ፣ ስካን ተደርጎ፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ እንደገና ስካን ተደርጎ የመጣ ነው፣ ሶስቷ ግራ ጎኗ በቀለም ተሞልቶ በእውነትም ስምንት ትመስላለች። ልጁ ላይ አልፈረድኩም። ያበገነኝ ለማስተካከል ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ እንደገና መፍቀድ አለባቸው መባሉ ነው። ስህተቱ የነሱ፣ ደብዳቤው ትክክል፣ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ኃላፊው የፈቀዱት ጳጉሜ 2 ቅዳሜ ነው። ከርሉ በግማሽ ሰከንድ ሲመልስልኝ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ምዝገባው ግን አርብ ተጀምሯል። ወላጆች ሊንኩን ሲነኩ 60 ሰከንድ ይሽከረከርና 504 (መልስ በጊዜው አልመጣም) ይላቸዋል። ይሄም የኔ ጥፋት ነው፤ የኮኔክት ታይምአውት (ለመገናኘት የሚጠበቅ ጊዜ ገደብ) አላስቀመጥኩም ነበር፣ ሊኑክስ ለብቻው ከተዉት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይሞክራል፣ ሎድ ባላንሰሩ ደግሞ በ60ኛው ሰከንድ ይቆርጠዋል። አንዲት እናት ሶስት ጊዜ ሞክረው ሶስት ጊዜ ብር የተቆረጠባቸው መስሏቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ግንኙነቱ ራሱ ስላልተጀመረ ብር አልወጣም፣ ግን እሳቸው በምን ይወቁ። በዛ ቀን ተኩል ከ200 በላይ ሰው ቅርንጫፍ ሄዶ ከፍሎ ስሊፑን አመጣ፣ እኛ ሁለታችን ቁጭ ብለን በእጅ አስገባን።

ስለዚህ ኮኔክት ታይምአውት 5 ሰከንድ አድርጉ፣ ሪድ ታይምአውቱን (ከተገናኛችሁ በኋላ መልስ የምትጠብቁበትን) ለብቻው ረዘም አድርጉት። ሁለቱን አታምታቱ። ኮኔክት ላይ ከቆመ ብር አልተነካም፣ ደግሞ መሞከር ይቻላል። ሪድ ላይ ከቆመ ግን ባንኩ ተቀብሎ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ በትራንዛክሽን ቁጥሩ ስታተስ ሳትጠይቁ ደግማችሁ እንዳትልኩ። ኮልባኩም (ባንኩ የክፍያውን ውጤት መልሶ የሚልክላችሁ) ሁለቴ ሊመጣ ይችላል፣ ዳታቤዙ ላይ ሪፈረንሱን ዩኒክ (የማይደገም) አድርጉት። ባንኩ የሚልከው ሰዓት የአዲስ አበባ ነው፣ ሰርቨራችሁ ዩቲሲ ከሆነ 3 ሰዓት ይለያያል።

ደብዳቤውን ቴስት ከጨረሳችሁ በኋላ የሚለውን ፒዲኤፍ አትስሙ። ኮድ ሳትጽፉ በመጀመሪያው ቀን ናቱን ሰርታችሁ፣ ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሆናችሁ አይፒውን አይታችሁ፣ ደብዳቤውን አስገቡ፣ እነሱ ሲመሩት እናንተ ትጽፋላችሁ። ቁጥሩን ቼክ ላይ ብር እንደሚጻፈው በአሃዝም በፊደልም ጻፉት፣ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ብላችሁ። ያንኑ በኢሜይል ላኩላቸው፣ ኮፒ ፔስት እንዲያደርጉት። ተከፈተ ሲሏችሁ አመሰግናለሁ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ፣ የከፈታችሁትን አንብቡልኝ በሉ።

አንድ ጊዜ የተከፈተላችሁን አይፒ ደግሞ በድንገት እንዳትለቁት። ኢላስቲክ አይፒ ከለቀቃችሁት ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፣ የባንኩ ፋየርዎል ግን እናንተ ናችሁ ብሎ ያንን ሰው ያሳልፈዋል። መልቀቅ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ባንኩ ጋ አዘጉት፣ አዎ በደብዳቤ። እኛ ቴራፎርሙ (ክላውዱን በኮድ የምናዋቅርበት) ላይ እንዳይሰረዝ ቆልፈነዋል፣ ሁለቱም አይፒዎች ላይ ደግሞ ታግ አለ፣ "ደብዳቤ የወጣበት፣ አይነካም" የሚል፣ ከጎኑ የመዝገብ ቤቱ ቁጥር።