«ልጄ» የሚለው ቃል ላቦራቶሪ ሲገባ፦ ከወሎ ቤተሰብ ለሚያስመጡ

በወሎ ቤት «ልጄ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያቅፋል። የሟች ወንድም ልጅ፣ እህት ዓረብ አገር ስትሄድ ትታው የሄደችው፣ አያት ያሳደገችው፣ የጡት ልጅ፣ ለትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ሁሉም ልጅ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብም ሆነ በቀበሌ በአሳዳጊው ስም ይጻፋል፤ ይህን ውሸት የሚለው የለም። አሜሪካ ያለው ሰው ቤተሰቡን ለማምጣት ፕሮሰስ ሲጀምር ፎርሙን የሚሞላው በዚሁ ቃል ነው። ዝምድናን በዲኤንኤ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ግን የሚያውቀው የሥጋ ልጅን ብቻ ነው። ፎርሙ ላይ «የወለድኩት» ተብሎ የተጻፈ የወንድም ልጅ የቤተሰቡን ጉዳይ በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984 ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1976፣ የሰባ ሰባት ዋዜማ። በቀጣዩ ዓመት ግኝቱ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ወንጀለኛ ለመያዝ አልነበረም፤ ከጋና ተመልሶ እንግሊዝ እንዳይገባ የተከለከለ ልጅ የእናቱ ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር፤ ተረጋገጠለትም። በእነዚያው ወራት በረሃቡ ምክንያት በባቲና ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም መጠለያዎች ልጆች ያለ ወላጅ ቀሩ። ከዚያም ሰፈራው መጣና ከሰሜን ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወሰደ፤ ብዙ ቤተሰብም ተበተነ። የተረፉትን ልጆች ዘመድ ወይም ጎረቤት «ልጄ» ብሎ አሳደገ። ዛሬ እነሱ ራሳቸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው ቤተሰብ የሚያስመጡ ናቸው። በደም የተቆጠረ ዝምድና ብቻ ይቅረብ ሲባል የሚከብዳቸው ለዚህ ነው።

ፖለቲካው ደግሞ ሳይንሱን ለራሱ ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ፒ-3 በሚባለው የስደተኛ ቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም በናይሮቢ የዲኤንኤ ሙከራ ጀመረች፤ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሰፋችው። የተባለው ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሰው ጉዳይ ብቻ ነው ተባለና ፕሮግራሙ ታገደ። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን «አንመረመርም» ያሉም ካልተረጋገጡት ጋር ተደምረው ነበር፤ የወንድሙን ልጅ ያሳደገም የልጅ ቦታ ሽጦ ባዕድ ካስገባው ጋር በአንድ ስም «ማጭበርበር» ተባለ። ይህ ፍትሐዊ አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙ ሲከፈት ምርመራው ግዴታ ሆኖ ተመለሰ። በእንግሊዝ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አመልካቾችን ያለ አግባብ ዲኤንኤ አምጡ ሲል ቆይቶ በኦክቶበር 2018 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

በመደበኛው የአሜሪካ የቤተሰብ ቪዛ ምርመራው ግዴታ አይደለም። ኤምባሲው «ያቀረባችሁት ማስረጃ አይበቃም፣ ከፈለጋችሁ ዲኤንኤ አሠሩ» ይላል። ለወሎ ሰው ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ምክንያቱም በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የቆየ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ልጁ ሕፃን ሳለ የተነሳ ፎቶ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ ካለ አስቀድማችሁ አቅርቡ። በጦርነቱ ወረቀት የጠፋበትም የጠፋበትን ምክንያት ከወረዳው በጽሑፍ ያውጣ።

ምርመራው ከተወሰነ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። አመልካቹ አሜሪካ ካሉት ኤኤቢቢ የተባለው የላቦራቶሪ ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ዕውቅና ከሰጣቸው ላቦራቶሪዎች አንዱን መርጦ ወጪውን ይከፍላል። የእሱ ናሙና እዚያው ይወሰዳል። የናሙና መውሰጃ ዕቃውን ላቦራቶሪው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባው ኤምባሲ ይልካል፤ ቤተሰቡ በቀጠሮው ቀን ፓስፖርትና ፎቶ ይዞ ይቀርባል፤ ናሙናው በታዛቢ ፊት ተወስዶ በኤምባሲው በኩል ወደ ላቦራቶሪው ይመለሳል። ውጤቱም ከላቦራቶሪው ለኤምባሲው ይሄዳል። ዕቃው በአንድም ደረጃ በቤተሰብ እጅ ማለፍ የለበትም። በመንገደኛ ሻንጣ ደሴ የተላከ፣ በፖስታ ታዝዞ ቤት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ውጤቱ ትክክል ቢሆንም አይቀበሉትም፤ የማን ምራቅ እንደሆነ የመሰከረ የለምና። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ላቦራቶሪው የሚያነበው ዘረ መሉን በሙሉ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 24 የሚደርሱ ቦታዎችን ይመርጣል፤ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጠራል፤ ልጁ ሁለት ቁጥር አለው፣ ለምሳሌ 12 እና 15። አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት መገኘት አለበት። ኤምባሲው የሚፈልገው ቢያንስ 99.5 በመቶ የወላጅነት እርግጠኝነት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ አለመግጠም የተፈጥሮ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቦታ ካልገጠመ ግን አባትነቱ የለም። እናትም አብራ ብትመረመር ውጤቱ ይጠራል።

አጎትና የወንድም ልጅ በአማካይ የዲኤንኤያቸውን ሩብ ስለሚጋሩ ብዙ ቦታ ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። ልጁን ያሳደገው አጎት ከሆነ፣ ወይም አባት ሊሆን የሚችለው የተመርማሪው ወንድም ከሆነ ለላቦራቶሪው አስቀድሞ ይነገር፤ ተጨማሪ ቦታ ያነባሉ። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ያደረገም ይናገር፤ ናሙናው የሰጪውን ዲኤንኤ ሊያሳይ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ። ውጤቱ የሚደርሰው ለኤምባሲው ብቻ አይደለም፤ አመልካቹም ያየዋል። ባል ቨርጂኒያ፣ ሚስት ኮምቦልቻ ሆነው የበኩር ልጁ የሌላ መሆኑ በአንድ ወረቀት ሲወጣ ቪዛው ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። በጦርነቱ ወራት የተደፈረች እናት ደግሞ ለማንም ያልተናገረችው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት እናትየዋን ለብቻዋ የሚያነጋግራት ሰው ይፈለግ፦ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ የምታምናት ጎረቤት። ባልየው መሆን የለበትም፤ አማቷም አትሁን። ጥያቄውም «አጥፍተሻል ወይ?» አይደለም። «እትዬ፣ ይህ ምርመራ እንዲህ ያለውን ያወጣል፤ የሚያሰጋሽ ነገር ካለ ሌላ መንገድ አለ» ማለት ይበቃል።

ሌላው መንገድ ደግሞ በእውነት አለ። በአሜሪካ ሕግ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው እናቱን ያገባ ሰው በእንጀራ ልጅነት ሊያስመጣው ይችላል፤ ደም አይጠየቅም። የማደጎ ልጅ ከሆነ ጉዲፈቻው 16 ዓመት ሳይሞላው በፍርድ ቤት የጸደቀ፣ ሁለት ዓመትም በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ የኖረ መሆን አለበት። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ የአሳዳጊነት ውሳኔ እንደ ጉዲፈቻ አይቆጠርም፤ እስልምና ልጁ የወላጅ አባቱን ስም እንዲይዝ ስለሚያዝ ብዙ የወሎ ቤተሰብ በዚህ በኩል ይጎዳል፤ ይህን ለሎየራችሁ ፊት ለፊት ንገሩ። ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ ስለከለከለች የአመልካቹ ዜግነት ጉዳዩን ይቀይረዋል። ሁሉም መንገድ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው እውነቱ ከተጻፈ ነው። የእንጀራ ልጅን እያወቁ «የወለድኩት» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ መግለጫ ተብሎ ለዘለቄታው ከቪዛ ሊያስከለክል ይችላል።

ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው «በሽታችንን ያዩብናል ወይ?» ነው። በዚህ ምርመራ የሚነበቡት ቁጥሮች በሽታ አይናገሩም። ቢሆንም ላቦራቶሪው ናሙናውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይና መቼ እንደሚያጠፋ በጽሑፍ ጠይቁ። የዘር ሐረግ ፍለጋ ተብለው የሚሸጡት ሌላ ናቸው፤ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ተዘርፎበታል፣ በ2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ለቪዛም አይጠቅሙም።

ለቀጠሮው ከደሴ የሚነሳ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ይግባ። ከናሙናው በፊት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምግብ፣ ቡናና ጫት አይቀመስ፤ አፍ በውኃ ይጉመጥመጥ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከጠባ ጥቂት ይቆይ፣ አፉም ይጠረግ፤ የእናቱ ሴል አብሮ ይገባልና። የጥጡ ዘንግ ጉንጩን ከውስጥ ሲያሽ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ አያምም፣ ደምም አይወጣም። ልጁ ነገሩ የሚገባው ከሆነ «መርፌ የለም፣ ጥጥ ብቻ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ለምን እንደሚደረግ ከጠየቀም በዕድሜው ልክ እውነቱን መልሱለት፤ ፎርሙ ላይ ያለውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው።